ስኳርና አክብሮት

በቋንቋችን ውስጥ ሁለት ነገር የተሸከሙ ቃላት ጥቂት አይደሉም፤ እንደ «ስኳር» ያለ እርስ በርሱ የማይታረቅ ሸክም የተጫነበት ቃል ግን ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም። እናት ልጇን ስታቆላምጥ «ስኳሬ» ትላለች። ጎረቤትም ስለ ጎረቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ «ስኳር አለበት እኮ» ይላል። በመጀመሪያው ውስጥ ፍቅር አለ፤ በሁለተኛው ውስጥ የዐይን መፍዘዝ፣ አልሽር ያለ የእግር ቁስል፣ የኩላሊት መድከም አለ። ሐኪሞች በመጻሕፍታቸው ለበሽታው የግሪክ ስም አላቸው፤ ሕዝቡ ግን ጣዕሙንና ሕመሙን በአንድ ስም ጠርቶ፣ አንዱን በእንግዳ ፊት ያቀርባል፣ ሌላውን ከእንግዳ ይደብቃል። ቃሉ ራሱ ከሩቅ የመጣ ነው። ከዓረብኛው «ሱከር» ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ የዓረብኛውም ሥር ወደ ጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ ወደ ሳንስክሪት ይወርዳል፤ በዚያም ቋንቋ ትርጉሙ ጠጠር ወይም ሻካራ አሸዋ ነበር። ጠጠር ከምግብ ውስጥ ሲገኝ ተለቅሞ ይጣላል፤ ይህኛውን ጠጠር ግን በማንኪያ እየሰፈርን እንጨምረዋለን።

ስሙ ሰውን ያሳስታል። ስኳር በሽታ ሲባል ስኳር ያበዙ ሰዎች፣ ማለትም የጠገቡ ሰዎች ሕመም ብቻ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ከእኛ ሐይቅ በስተሰሜን ባለችው በጎንደር የሚሠሩ ሐኪሞች ከገጠር የሚመጡ፣ ሰውነታቸው የመነመነ፣ በድህነት ያደጉና ኢንሱሊን ካልተወጉ በሕይወት ሊቆዩ የማይችሉ ወጣት ሕሙማንን ለብዙ ዓመታት ሲያክሙና ሲያጠኑ ኖረዋል። እነዚህ ሰዎች ከረሜላ በልተው የታመሙ አይደሉም። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘውን ዓይነት ራሱን የቻለ መሆኑን ተቀብሎ «ዓይነት 5» ሲል የሰየመው ገና በ2017 ዓ.ም. ነው። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ስለ ስኳር መቀነስ የሚነገረው ሁሉ በታመመው ሰው ላይ የጥፋት ጣት መቀሰር እንዳይመስል ነው። እኔን ያገኘኝ ጉዳይ ግን ከዚህኛው ወገን ሳይሆን፣ በከተማ ከሚኖረው፣ ወንበር ላይ ከሚውለውና ሲኒ ከእጁ ከማይለየው ሰው ወገን ነው።

በባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙ ሳልርቅ የምኖር፣ በአስተማሪነት ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከጊዜ በፊት ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ዘንድ ሄጄ፣ ምሽቱን ሳልበላ አድሬ የተቀዳው ደሜ ሲመረመር በአንድ ዴሲ ሊትር 118 ሚሊግራም ስኳር ተገኘበት። ከ100 በታች ያለው ጤነኛ ይባላል፤ ከ126 ጀምሮ ያለው፣ በሁለተኛ ምርመራ ከጸና፣ በሽታ ነው። እኔ በሁለቱ መካከል ባለው ሜዳ ላይ ቆሜ ተገኘሁ። ሐኪሟ ወጣት ነበረች። «ጋሼ፣ መድኃኒት አልሰጥዎትም። ስኳርዎን ይቀንሱ፣ በእግርዎ ይሂዱ፣ ከሦስት ወር በኋላ ይመለሱ» አለችኝ። ኬክ ቤት ደጅ እንደማልደርስ፣ ከረሜላም ከልጅነቴ ወዲህ እንዳልቀመስሁ ነገርኋት። ፈገግ ብላ፣ «እንግዲያው ይቁጠሩት» አለችኝ።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ሰው በምግቡና በመጠጡ ላይ የሚጨመረው ስኳር፣ እንዲሁም በማርና በጭማቂ ውስጥ ያለው ስኳር ተደምሮ፣ ከቀኑ ጠቅላላ የምግብ ኀይል ከአሥር አንድ እጅ በታች እንዲሆን ይመክራል። ይህ ለአንድ ዐዋቂ ሰው በቀን ወደ 50 ግራም ገደማ ነው። ወደ 25 ግራም ቢወርድ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ 25 ግራም ማለት ስድስት ማንኪያ ነው።

ቆጠርሁት። ጠዋት በብርጭቆ የምጠጣው ሻይ ሦስት ማንኪያ፤ ረፋድ ላይ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የምጠጣው ማኪያቶ ሁለት ማንኪያ፤ ከቀትር በኋላ በጎረቤት የሚፈላው ቡና በሲኒ ሁለት ማንኪያ። ቡና ደግሞ አቦል ብቻ ጠጥቶ መነሣት ነውር ስለሆነ ቶናና በረካ ይከተላሉ፤ ስድስት ማንኪያ ሆነ። አንባቢ ልብ ይበል፤ በአንድ የቡና ሥርዐት ብቻ የቀኑ መጠን 24 ግራም ደረሰ ማለት ነው። ባሕር ዳር ደግሞ የማንጎና የአቮካዶ አገር እንደ መሆኗ ጭማቂ ቤቷ ብዙ ነው። በአንድ ብርጭቆ ሁለት ሦስት ቀለም ተደራርቦ የሚቀርበውን ስፕሪስ የማይወድ ማን አለ? ፍሬው ራሱ ጣፋጭ ሆኖ ሳለ፣ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ሁለት ማንኪያ ይጨምርበታል። የለስላሳ ጠርሙስ የተከፈተ ዕለት፣ በ300 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ ከ30 ግራም ያላነሰ ስኳር አለ። ሁሉም የተገናኘበትን ቀን ስደምረው ከ80 ግራም በላይ ሆነ። ሃያ ማንኪያ! ጣፋጭ የማይወደው ሰው የቀን ስንቅ ይህ ነበር።

ሰው ይህን ሁሉ ስኳር ስለ ጣዕሙ ሲል ብቻ የሚወስደው ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ የምላስ ጉዳይ ሆኖ ይቀር ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ግን በአገራችን ስኳር ጣዕም ከመሆኑ በፊት አክብሮት ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት አለው።

አያቴ ቡናዋን በጨው ነበር የምትጠጣው። በዘመኗ ጣፋጭ የሚባል ነገር ማር ነበር፤ ማርም በየዕለቱ የሚገኝ አልነበረም። ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ምድሩን ከሸፈነ በኋላ ቀፎ ይቆረጣል፤ ወለላው ለእንግዳ፣ ለአራስና ለታመመ ይቀመጣል፤ የቀረው ለበዓል ጠጅ ይጣላል። ሸንኮራ አገዳውም ቢሆን ተልጦ፣ በጥርስ ተቀጥቅጦ፣ መንጋጋ እስኪደክም ታኝኮ የሚገኝ ጣፋጭ ነበር። ነጩ ስኳር ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ የጌቶች ነገር ነበር። በ1943 ዓ.ም. መንግሥት ኤች ቪ ኤ ከተባለው የሆላንድ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ፣ በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ፋብሪካ በአዋሽ ዳር የመጀመሪያውን ስኳር አወጣ። ቀጥሎም ሸዋ፣ ከዚያም መተሐራ ተከተሉ። የወንጂ ደስታ ከረሜላ ስም በኔ ዕድሜ ባለ ሰው ጆሮ ዛሬም እንደ ዘመድ ስም ይሰማል። አባቴ ከመንገድ ሲመለስ በኪሱ ውስጥ የሚንኮሻኮሸውን ወረቀት የምናውቀው ገና ከበር ሳይገባ ነበር።

ስኳር በዚህ መልክ ወደ ቤታችን ከገባ በኋላ መልሶ ጠፋ። ቀበሌዎች ከተቋቋሙበት ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት ስኳር በቀበሌ ሱቅ፣ በቤተሰብ ቁጥር ተለክቶ የሚሰጥ ነገር ሆነ። እኔና እኅቴ ደብተሩን ይዘን ጎሕ ሳይቀድ ወረፋ እንይዝ ነበር፤ አንዳንዴ ከኛ በፊት ድንጋይ ተሰልፎ እናገኛለን፤ እያንዳንዱም ድንጋይ ባለቤት አለው። እናቴ የተሰጣትን ኪሎ በቆርቆሮ ጣሳ ገልብጣ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ ከሳጥኗ ውስጥ ትቆልፈዋለች። ለኛ ለልጆች የሚደርሰን በዓል ሲሆን ነው። እንግዳ ሲመጣ ግን ሳጥኑ ይከፈታል። እንግዳው ሲኒውን ሲያማስል ማንኪያው ከታች ያልሟሟ ስኳር ሲያንኳኳ እንዲሰማ ትፈልግ ነበር። ያ ድምፅ «አልሰሰትንም» የሚል ንግግር ነው። ከዚያም ወዲህ ሥርዐት ተለውጦ፣ ቀበሌ ቢቀር የሸማቾች ማኅበር ተተክቶ፣ ስኳር በወረፋ የተሰጠበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ታሞ ለተኛ፣ ለወለደች፣ ለሐዘን ቤት ስኳር ይዞ መሄድ የሚያስመሰግነው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። የአገራችን ሰው በነፍስ ወከፍ የሚበላው ስኳር ከዓለም አማካይ ዛሬም እጅግ ያነሰ መሆኑን ለሚያውቅ፣ ስኳር ቀንሱ ብሎ መስበክ ለተራበ ሰው ስለ ጾም እንደ መስበክ ሊቈጠርበት ይችላል። እኔም ለገጠሩ ሰው የምሰብከው የለኝም። የምናገረው ሳጥኑ ሳይቆለፍ መዋል ስለ ጀመረበት ስለ ከተማው ቤት ነው።

እነሆ ወደ ቡናው ልመለስ። በሰፈራችን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቡና የምታፈላልን ሴት አለች፤ ትልቁም ትንሹም «እታለም» ይላታል። ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ ዕጣን አጭሳ፣ ሲኒዎቹን ደርድራ፣ ማንንም ሳትጠይቅ በየሲኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር አስቀድማ ትጨምራለች፤ ቡናው ከላይ ይወርድበታል። ከሐኪሟ ዘንድ በተመለስሁ ማግስት «የእኔን ያለ ስኳር አድርጊልኝ» አልኋት። ጀበናውን እንደ ያዘች ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን አጠፋሁ፣ ጋሼ?»

«ምንም አላጠፋሽም፤ ልቀንስ ብዬ ነው።»

«ኧረ በሞቴ! ስኳር አነሰ ብለው ከሆነ እኮ ሙሉ ጣሳ አለ።»

ከዐጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ በበኩላቸው፣ ሰው ቤት ገብቶ መራራ ቡና የሚጠጣ ወይ የተጣላ ወይ ሐዘን የወደቀበት ሰው ብቻ መሆኑን አስረዱኝ። ሌላዋ ጎረቤቴ «አፈር ስሆን አንድ ማንኪያ ብቻ!» አለች። ጉርሻ ተሰጥቶት አፉን የዘጋ ሰው ምን እንደሚሰማው በዚያች ሰዓት ዐወቅሁ። እታለም ያለ ስኳር ቀድታ ሰጠችኝ፤ ነገር ግን ሲኒውን ያቀበለችኝ ዐይኔን ሳታይ ነው።

ከዚህ ይልቅ የከፋው በኋላ መጣ። በሳምንቱ ውስጥ በሰፈሩ «ጋሼን ስኳር ያዛቸው» ተባለ። የቃሉ ሁለት መልክ እዚህ ላይ ተገናኘ፤ ስኳር አልፈልግም ያለ ሰው ስኳር አለበት። የዕድራችን ጸሐፊ በእሑድ ቀን ልብሱን ለውጦ ሊጠይቀኝ መጣ፤ የያዘውም ብርቱካንና ስድስት ጠርሙስ ለስላሳ ነበር። አመስግኜ ተቀበልሁት። ሌላ ምን ይደረጋል? ሰውየው ከደመወዙ ከፍሎ ያመጣው ለስላሳ ሳይሆን ፍቅር ነው።

አንድ ወዳጄ «ጾም ላይ ነኝ በላቸው፤ ማንም አይነካህም» ብሎ መከረኝ። እውነቱን ነው። በአገራችን «ጾም ነው» የሚለው ቃል የማይከፍተው በር የለም፤ ጾመኛን በሥጋ የሚያባብል ሰው አይገኝም። ይሁን እንጂ ምክሩ አልሆነልኝም፤ አንደኛ ውሸት ነው፤ ሁለተኛ ደግሞ ስኳር ከጾም ሕግ ውጪ የቀረ ምግብ ነው። ጾማችን ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ይከለክላል፤ ሕጉ ሲደነገግ የአገሬው ሰው ነጭ ስኳርን አያውቀውም ነበርና ስለ እርሱ የተባለ ነገር የለም። እንዲያውም በ55 ቀኑ በዐቢይ ጾም ወቅት የከተማችንን ሻይ ቤቶች ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህን ይታዘባል፦ ማኪያቶው ቀርቶ ጥቁር ሻይ ይበዛል፤ ከሻዩ ጋር ቦምቦሊኖ ይቀርባል፤ ኬክ ቤቱም «የጾም ኬክ» ብሎ ይለጥፋል። ቅቤ የወጣበትን ቦታ ስኳር ይይዘዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከእህል ከውሃ ተከልክሎ መዋል የሚችል ሕዝብ፣ ሦስት ማንኪያውን ወደ ሁለት ማውረድ ሲያቅተው ማየት ያስገርመኛል። ምናልባት ምክንያቱ ጾምን ሁሉም በአንድ ቀን ስለሚጀምረው፣ ስኳርን ግን እያንዳንዱ ብቻውን የሚቀንሰው ስለሆነ ይሆናል። ብቻን ማነስ ከባድ ነው።

ጉዳዩን የፈታችው ራሷ እታለም ናት። ለጥቂት ቀናት አኩርፋ ከቆየች በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ስኳሩን በትንሽ ሳህን አድርጋ፣ ማንኪያ ሰክታ ከፊቴ አኖረችው። «እኔ አልቀነስሁብዎትም፤ እርስዎ እንዳሻዎ ያድርጉ» አለች። ይህች ትንሽ ሳህን የሠራችውን ሥራ ያህል ምክር አልሠራም። አክብሮቷ በሳህኑ ላይ ሙሉ ሆኖ ተቀመጠ፤ የማንኪያው ነገር የእኔ ሆነ። እኔም በአንድ ጊዜ አልቆረጥሁም። ከሁለት ማንኪያ ወደ አንድ ተኩል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ አንድ፣ እንዲህ እያልሁ ወረድሁ። ምላስ ትምህርት የሚቀበል አካል ነው። በሁለተኛው ወር ማለቂያ ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት ስብሰባ እንደ ድሮዬ ሦስት ማንኪያ የተጨመረበት ሻይ ቀርቦልኝ፣ አንድ ጊዜ ተጎንጭቼ ማስቀመጥ ግድ ሆነብኝ፤ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ሙጫ ተጣበቀብኝ።

ስለ አምሮት ጥቂት ልበል፤ ስኳር መቀነስ የሞከረ ሁሉ የሚያውቃት ጠላት እሷ ናትና። አምሮት ከረኃብ ትለያለች። ረኃብ እንጀራም ቆሎም ቢያገኝ ይበርዳል፤ አምሮት ግን ስሙን ጠርታ የምትፈልገው ነገር አላት። እኔን የምትጎበኘኝ በዘጠኝና በአሥር ሰዓት መካከል ነበር። ነገሩን ስመረምረው፣ ነጭ ዳቦ በሻይ ቁርስ ባደረግሁበትና ምሳዬን በጥድፊያ በበላሁበት ቀን ትበረታለች፤ በሽሮ ወይም በምስር ወጥ እንጀራ ጠግቤ በበላሁበት ቀን ትደክማለች። ሐኪሟ ምክንያቱን ነገረችኝ፦ ስኳርና ነጭ ዱቄት ፈጥነው ደም ውስጥ ይገባሉ፤ ቆሽትም ፈጥኖ ኢንሱሊን ይለቃል፤ በፍጥነት የወጣው በፍጥነት ሲወርድ ሰውነት እንደገና ይጠይቃል። ጥራጥሬው ግን ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ እንዲህ ያለ መውጣትና መውረድ አያበዛም። እንቅልፍ ያጣ ሰው አምሮቱ እንደሚበረታም ጨምራ ነገረችኝ፤ ይህን የፈተና ወረቀት ሲያርም ያደረ አስተማሪ ሁሉ ይመሰክራል። አምሮት ደግሞ እንደ ሐይቃችን ሞገድ ናት፤ ትመጣለች፣ ትሄዳለች። በኪሴ የሽምብራ ቆሎ ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ፣ ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡትን የደንገል ታንኳዎች እያየሁ ሩብ ሰዓት ስሄድ ብዙ ጊዜ ጥላኝ ትጠፋለች። ሁልጊዜ አይደለም። ዘይቱን በወቅቱ ሲገኝ ከነልጣጩ ከነፍሬው እበላለሁ፤ ሙሉው ፍሬ ከነአሰሩ ሲበላ ከጭማቂው የተለየ ነገር ነው። ሸንኮራውም እንዲሁ፤ አንድ ክንድ ሸንኮራ አኝኮ የጨረሰ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም፤ መንጋጋው ራሱ ዳኛ ነው።

በማር ነገር ግን ከወገኖቼ ጋር አልተስማማሁም። ጎጃሜ ሆኖ ማርን መንካት አደጋ አለው። «ስኳሩን ተውና በማር ጠጣ፤ ማር እኮ መድኃኒት ነው» ያላለኝ ሰው የለም። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ነውና ስለ ማር ክፉ አልናገርም፤ ቢሆንም ከመቶው ሰማንያ እጅ ያህሉ ስኳር ነው፤ ደምም ስኳሩ ከአበባ ይምጣ ከአገዳ መርምሮ አይለይም። አያቶቻችንን ያልጎዳቸው ማርነቱ ሳይሆን ብርቅነቱ ይመስለኛል። ዛሬ ደግሞ ጠጁ ራሱ በስኳር እየተጣለ፣ ማሩም በስኳር እየተበረዘ በሚሸጥበት ገበያ፣ «ማር ነው» ብሎ የተማመነ ሰው የሚጠጣው የሸሸውን ስኳር ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ አንድ የሚደንቀኝ ነገር አለ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ኀይል ማመንጫ ውሃውን ከሐይቃችን ምዕራባዊ ዳር ቀድቶ፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ወንዝ ያወርደዋል። የበለስም ውሃ በጃዊ በኩል ያለውን የሸንኮራ አገዳ እርሻ ያጠጣል፤ እዚያ የተተከለውም ፋብሪካ፣ ምንም እንኳ ብዙ ቢዘገይ፣ ስኳር አምርቷል። ከቤቴ ደጅ የማየው ውሃ ተራራ በስቶ፣ መብራት አብርቶ፣ አገዳ ሆኖ፣ ነጭ ሆኖ ወደ ሲኒ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ለአገር ልማት ደስ ይለኛል፤ በሲኒዬ በኩል ግን ጣናን በውሃነቱ እመርጠዋለሁ።

በሦስተኛው ወር፣ ወደ ሐኪሟ ከመመለሴ በፊት፣ ዘጌ ወደምትኖረው አክስቴ ተሻገርሁ። ዘጌ እንደሚታወቀው ገበሬ የሌለበት የገጠር አገር ነው። አቡነ በትረ ማርያም ገዳሙን ሲመሠርቱ ሕዝቡ በሬ ጠምዶ እንዳያርስ፣ በዛፍ ፍሬ እንዲኖር ቃል ኪዳን ተሰጥቷል ተብሎ ስለሚታመን፣ ባሕረ ገብ መሬቱ እስከ ዛሬ በቡናና በጌሾ ጫካ ተሸፍኖ ይኖራል። አክስቴ በዚያ ጫካ ውስጥ ቡና ስትለቅም የኖረች ቀጭን ሴት ናት፤ ስኳር በሽታ ካገኛት ብዙ ዓመት ሆኗታል። ማቀዝቀዣ ስለሌላት የኢንሱሊኗን ብልቃጥ የምታኖረው ከቤቱ ጥግ፣ እርጥብ አሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ ነው። በየማለዳው በገንቦው ላይ ውሃ ታርከፈክፋለች፤ እጇን አስገብታ ብልቃጡን እንደ እንቁላል ታወጣዋለች፤ በመርፌዋ ለክታ ራሷን ትወጋለች፤ መልሳ ታኖረዋለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ከኔ ጋር ስለ ቡናው ዋጋ ማውራቷን አላቋረጠችም።

ቡና አፈላችልኝ። በጨው ነበር።

«እቴቴ፣ ስኳር ካቆሙ ስንት ጊዜዎ ነው?» አልኋት።

«መች ጀመርሁትና ነው የማቆመው፣ ልጄ? እናቴም እኔም በጨው ነው የጠጣን። ስሙን ነው እንጂ ስኳሩን የት አውቀዋለሁ?»

ይህን ብላ ተነሣችና የእንጨት ሳጥኗን ከፈተች። ከነጠላዎቿ ሥር በፌስታል በፌስታል የታሰረ ስኳር ተደርድሯል። ቆጠርሁት፤ ሰባት ኪሎ ነው። መታመሟን የሰማ ዘመድ ሁሉ፣ ከባሕር ዳርም ከሌላም አገር፣ ሊጠይቃት ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም። ከሰባቱ ሁለቱን ባለፈው ፋሲካ ያመጣኋቸው እኔ ራሴ ነበርሁ፤ አስሬ የላክሁበትን ቀይ ክር ዐወቅሁት።

«ለሐዘን ቤት እሰጠዋለሁ፤ ለአራስ ቤት እሰጠዋለሁ» አለች። «ሰው ያመጣውን አልመልስ። ምን ብዬ እመልሰዋለሁ?»

ማታ ጀልባው ሊነሣ ሲል እስከ ወደቡ ሸኘችኝ። በሰፈሬ እታለም የመጀመሪያ የልጅ ልጅ እንዳየች በጨዋታ መካከል ነግሬያት ነበር፤ አልረሳችውም። ከነጠላዋ ሥር አንድ ኪሎውን አውጥታ አቀበለችኝ። «ለአራሷ ነው፤ ከዘጌ ነው በላቸው» አለችኝ። ተቀብዬ ጭኔ ላይ አኑሬ ተሻገርሁ።